የአንድ ጉርሻ ልዩነት

ባለፈው ሳምንት ቴሌቪዥናችን ታመመ። ድምፁ ደህና ነው፤ የተረበሸው ሥዕሉ ነው። ዜና በምታነበው ልጅ ፊት ላይ አረንጓዴ ዝናብ ይወርድና ትንሽ ቆይቶ መልሶ ደህና ይሆናል። እኔ የማውቀው ሕክምና አንድ ብቻ ነው፤ ጎኑን በመዳፍ መታ መታ ማድረግ። ልጄ አየችኝና ጮኸች፤ «አባባ! ይኼ እኮ እንደ ድሮው ሳጥን አይደለም፣ ትሰብረዋለህ!»

ስለዚህ ሃያት ተጠራች። ሃያት አሁን ቂርቆስ በምንኖርበት ሕንፃ ከበላያችን ያሉት ሰዎች ልጅ ናት። ወደ መስቀል ፍላወር መውጫ ላይ ከጓደኛዋ ጋር ቴሌቪዥንና ላፕቶፕ የምትጠግንባት ጠባብ ሱቅ አለቻት። መጣች፣ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣ ቴሌቪዥኑን አልጋ ላይ በፊቱ ደፍታ ጀርባውን ፈታችው። እኔ መነጽሬን አድርጌ አጠገቧ ቆምኩ። ሥራ ያቆመ ሰው የሌላ ሰው ሥራ ማየት ይወዳል።

«ጋሽ ከበደ፣ ይኼን ያዩታል?» አለችኝ። እንደ ሪባን የተነጠፈ፣ ከፀጉር ትንሽ ወፈር የሚሉ ሽቦዎች የተደረደሩበት ነገር ነው። «ሥዕሉ ወደ ስክሪኑ የሚሄደው በዚህ ነው። ሽቦዎቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው። አንደኛው ትንሽ ከፍ ሲል ጓደኛው በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። ስክሪኑ እያንዳንዱ ስንት እንደሆነ አይጠይቅም፤ ማለቴ፣ የሚያየው ልዩነታቸውን ብቻ ነው። የመጀመሪያው ከበለጠ አንድ፣ ሁለተኛው ከበለጠ ዜሮ። በቃ። ሥዕል የሚባለው ነገር በሙሉ ከዚያ ነው የሚሠራው።»

«በአንድ ሽቦ ለምን አይልኩትም?»

«ረብሻ አለ፣ ጋሼ። ፍሪጁ፣ መብራቱ፣ ሞባይሉ፣ ሁሉም ሽቦው ላይ የራሱን ነገር ይጨምርበታል። እነዚህ ግን ተጠጋግተው ስለሚሄዱ የመጣው ረብሻ ሁለቱንም እኩል ነው የሚነካቸው። ሁለቱ ላይ እኩል ሲጨመር ልዩነታቸው ያው ነው። ስለዚህ ረብሻው እንዳልነበረ ይሆናል።»

«ብዙ ኃይል ይፈልጋላ?»

«ኧረ በጣም ትንሽ ነው! ከአንዲት የባትሪ ድንጋይም ያንሳል። ትንሽ ስለሆነም ነው ቶሎ ቶሎ መገለባበጥ የሚችለው። አይሞቅም፣ ጎረቤቱን አይረብሽም።»

«ታዲያ የእኛው ምን ሆነ?»

ከጥንዶቹ የአንዱን ጫፍ በጥፍሯ ነካ አደረገችው። «ይቺ ላልታለች። ረብሻ ሁለቱንም እኩል ሲነካ ምንም አይደል። አንዷን ብቻ ሲነካ ነው ጉዱ። ስክሪኑ መልእክት የመጣ ይመስለዋል።»

እኔ ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። ወደ በረንዳው ወጣሁና ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ «አባባ፣ አመመህ እንዴ?» ብትለኝ «የለም፣ አየር ልቀበል ነው» አልኳት። ነገሩን ግን ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። የሰማሁትም ካዛንችስ፣ ዛሬ መንገድ በሆነው ግቢያችን ውስጥ፣ ከታላቅ ወንድሜ ከታደለ አፍ ነው።

ታደለ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበር፤ ምሰሶ የሚወጣ፣ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ገመድ የሚቀጥል። ኪሱ ሁልጊዜ በቀለም ሽቦ ቁራጭ የተሞላ ነው። እናታችን ልብሱን ስታጥብ «ይኼ ልጅ ኪሱ የወፍ ጎጆ ነው» ትላለች። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ የቤቱ አባወራ እሱ ነበር። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ያን ጊዜ እንጨት ቤት ሥራ እለምድ ነበር። ታደለ የተማረ ነው፣ ግን የተማረውን ለብቻው ይዞ መቀመጥ አያውቅም። ምሳ እየበላም ያስተምራል።

ጊዜው ክፉ ነበር። የዕድሜ እኩዮቹ አንድ በአንድ እየተወሰዱ ነው። ወጣት ሆኖ መገኘት ብቻውን ጥፋት የሚመስልበት ወቅት ነበር፤ የኖረበት ያውቀዋል፣ ላልኖረበት ደግሞ በዚህች ወረቀት አልጨርሰውም። አንድ እሑድ ከሰዓት ግቢው ውስጥ፣ እማዬ ለዘመድ ጥየቃ ወጥታ፣ ታደለ ከኪሱ እንደ ጉንጉን የተጠማዘዙ ሁለት ሽቦዎች አወጣ።

«ከቤ፣ እነዚህ ለምን ተጠማዘዙ?»

«ለማማር።»

ሳቀ። «አናጢ ሁሉን ነገር ለማማር ይመስለዋል። ድምፃችን በአንዱ ሲሄድ በሌላው ተገልብጦ ይሄዳል። ከወዲያ ያለው የሚሰማው ልዩነታቸውን ነው። ከመብራት ገመዱ የሚመጣው እሪታ ሁለቱንም እኩል ስለሚያገኛቸው አይሰማም። አየህ፣ ካልተነጣጠሉ ምንም አይነካቸውም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔም እንደ ጓደኞቼ ከገባሁ በዚህ ነው የምናወራው።»

እንዴት እንደሆነ ነገረኝ። የታሰረ ሰው ስንቅ ይገባለታል፤ የተረፈው በዕቃው ይወጣል። ስንት እንደተረፈ አይቶ ስለ ሰውየው ማወቅ አይቻልም፤ ጠባቂው ይቀምሳል፣ ስንቅ የሌለው እስረኛ ይካፈላል፣ አንዳንዱም መሬት ይደፋል። ስለዚህ ሁለት ሳህን። እቤታችን ክዳን ያላቸው ሁለት የብረት ሳህኖች ነበሩ፣ አንዱ ጠርዙ ሰማያዊ፣ አንዱ አረንጓዴ። ሁለቱም ውስጥ አንድ ዓይነት ምግብ፣ እኩል ልክ፣ በአንድ ጨርቅ ታስረው አብረው ይገባሉ፣ አብረው ይወጣሉ። የሚቀምስ ከሁለቱም ይቀምሳል። «ከሰማያዊው ብዙ ከተበላ ደህና ነኝ፣ እዚሁ ነኝ። ከአረንጓዴው ብዙ ከተበላ ሊወስዱኝ ነው። የአንድ ጉርሻ ልዩነት ይበቃኛል። ብዙ ካደረግሁት ጠባቂውም ያነበዋል።»

«ለእማዬ ልንገራት?»

«እንዳትነግራት! የእማዬ ፊት የተከፈተ መስኮት ነው። ለምን ሁለት ካለችህ፣ አንዱ እናት ለሌለው እስረኛ ነው በላት። እንዲህ ካልካት እኩል ነው የምታደርገው።»

ወስደውት ቄራ አጠገብ ወዳለ የድሮ የቆዳ መጋዘን ያስገቡት የሁዳዴ ጾም እንደገባ ነው። ለምን እንደተያዘ የነገረን የለም። ጠዋት ጠዋት ከካዛንችስ ተነስቼ በእስጢፋኖስ አድርጌ፣ አደባባዩን ተሻግሬ፣ በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በኩል ወደ ቄራ እወርዳለሁ። የበልግ ዝናብ መንገዱን አቡክቶታል። ወደ ቄራ ሲጠጉ ሽታው ቀድሞ ይቀበላል፤ ደምና ጨው፣ ያልደረቀ ቆዳ። ጥንብ አንሳዎቹ የመጋዘኑ ጣሪያ ላይ ተሰልፈው ክንፋቸውን ያሰጣሉ። ከታች እኛ፣ ስንቅ የያዝን ሰዎች፣ ተሰልፈን እንቆማለን።

ብልሃቱ ሠራ። በጾም ወቅት ምን ይላካል? ሽሮ፣ ምስር፣ አንዳንዴ ጎመን። ሁለቱም ሳህን ውስጥ ያው ነው። አንዳንድ ቀን ሁለቱም ባዶ ሊሆኑ ጥቂት ቀርቷቸው ይወጣሉ፣ አንዳንድ ቀን ሁለቱም ከግማሽ በላይ። እኔ ግን ስመለስ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጥር ጋ ተጠግቼ ክዳናቸውን እከፍታለሁ፤ ሁልጊዜም ከሰማያዊው አንድ ጉርሻ ጎድሎ አገኘዋለሁ። ደህና ነኝ፣ እዚሁ ነኝ። አንድ ሰው ከግንብ ወዲያ ሆኖ በጆሮዬ ሹክ ያለኝ ያህል ነበር። አጥሩን ተደግፌ ብቻዬን እስቃለሁ።

እማዬ ያንን የሌለ ልጅ ወደደችው። «ስሙ ማነው?» ትለኛለች። «አልነገሩኝም» እላታለሁ። «ስሙ የማይነገር ልጅ፣ ወይ ጊዜ!» ትልና ሽሮውን በጭልፋ እየለካች ሁለቱ ላይ ታካፍላለች። ቤተ ክርስቲያን ስትሳለምም «ለታደለና ለዚያ ልጅ» ስትል ሰምቻታለሁ።

አንድ ሰው ነበረን፤ ጋሽ ተሰማ፣ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ፣ የአባቴ ወዳጅ። በልጅነቱ እሱ ቤት እየበላ ያደገ ልጅ አድጎ በዚያ ወቅት ትልቅ ባለሥልጣን ሆኖ ነበር። ጋሽ ተሰማ ግን ገና ከመጀመሪያው ነግሮኛል፤ «ከበደ፣ ያ በር አንድ ጊዜ ይከፈትልኝ ይሆናል። ሁለተኛ ብሄድ እኔንም አይፈልገኝም። ስለዚህ ዝም ብለህ አትላከኝ። ሊወስዱት መሆኑን ስታውቅ ብቻ ና።» ታደለን ሊያተርፈው የሚችል ነገር ቢኖር ያቺ አንድ ልመና ነበረች። የምትወጣበትን ቀን የሚያውቁት ደግሞ ሁለቱ ሳህኖች ብቻ ናቸው።

ፋሲካ ሆነ። እማዬ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድራ፣ ሲነጋጋ ገብታ፣ እኔ ሳልነቃ ስንቁን ቋጥራ ጨረሰች። ዶሮ ወጥ። በዚያ ዓመት ዶሮ መግዛቷ ራሱ ተአምር ነው። እኔ የታሰረውን ጨርቅ አንስቼ ወጣሁ፤ ሙቀቱ በጨርቁ አልፎ እጄ ላይ ይሰማኛል፣ በርበሬውና ቅቤው አፍንጫዬን ይጠራዋል። መንገዱ ላይ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ «እንኳን አደረሰህ» ይለኛል። መጋዘኑ በር ላይ አስገባሁ። ከሰዓት አውጥተው ሰጡኝ።

አጥሩ ጋ ደርሼ ከፈትኳቸው። ሰማያዊው ግማሹ አለ። አረንጓዴው ግን የተላሰ ያህል ባዶ ነው፤ መረቅ እንኳ አልቀረውም። ክዳኑ ከእጄ አመለጠኝ፤ ድንጋዩ ላይ ሲወድቅ ያሰማው ድምፅ አሁንም ይሰማኛል። ሊወስዱት ነው። በፋሲካ።

ካዛንችስ ድረስ ሮጥኩ። ጋሽ ተሰማ ከቤተሰቡ ጋር ገበታ ላይ ነበር። ፊቴን አይቶ እጁን ከትሪው አነሳ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ከበደ፣ አንድ ጊዜ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ሚስቱ «እባክህ ጉርሻህን እንኳ ጨርስ» ስትለው ከገበታው ተነሳ። እጁን ታጠበ፣ ራሱ የሰፋውን ጥቁር ኮት ለበሰና ወጣ።

እኔ ቤት ገባሁ። ለእማዬ ምን ብዬ እንደምነግራት እያሰብኩ ነው። እሷ ግን ደስ ብሏታል፤ ሳህኖቹን ከእጄ ተቀብላ ከፈተቻቸው። ባዶውን ስታይ ፊቷ በራ።

«እሰይ! ያ እናት የሌለው ልጅ ፈረሰኛውን በላልኝ!»

«ምኑን?»

«ፈረሰኛውን ነዋ። ለእሱ አደረግሁለት፣ ከነዕንቁላሉ። የኔ ልጅ እናት አለው፤ ዛሬ ባይበላ ነገ ይበላል። ለዚያ ልጅ ማን አለው?»

ፈረሰኛ የዶሮዋ የክብር ብልት ነው። የሚቀርበው ለአባወራ ወይም ለትልቅ እንግዳ ነው፤ አይከፈልም። አባቴ ከሞተ ጀምሮ የታደለ ነበር። እማዬ ለማታውቀው ሰው ልጅ ሰጠችው፤ ያ ልጅ ደግሞ የለም። ፈረሰኛና ዕንቁላል በአንዱ ሳህን ብቻ ሲገባ፣ የቀማሹ ሁሉ እጅ ወዴት እንደሚሄድ ለመገመት ትምህርት አያስፈልግም።

ሮጬ ወጣሁ። «የት ትሄዳለህ?» የሚለው የእማዬ ድምፅ ተከተለኝ። ጋሽ ተሰማ ግን ሄዷል። ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሰ፤ ኮቱን በክንዱ ይዞ፣ እንደ ታመመ ሰው እየተራመደ። አጠገቤ ተቀመጠ።

«ማንም ሊወስደው አላሰበም ነበር» አለኝ። «ሰውየው ስልክ ደውሎ ጠየቀልኝ። እንደዚህ ያለ ሐሳብ የለም አሉት። ከዚያ ዞር ብሎ፣ ይወሰዳል ብሎ ማነው የነገረህ አለኝ። ምን ልበል? ከውስጥ ወሬ የሚያወጣ ሰው አለ ማለት ነው አለ። ስሙንም ጻፈው፣ የታደለን። ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ አለኝ፤ እኔ ቤት እየበላ ያደገ ልጅ።»

ስለ ፈረሰኛው ነገርኩት። ኮቱን ጉልበቱ ላይ አጠፈ። በኋላ «ለእናትህ እንዳትነግራት» አለኝ።

አልነገርኳትም። ስንቁን መመላለስ ቀጠልኩ፤ አሁን ከመውጣቴ በፊት ጨርቁን ፈትቼ አያለሁ። ሰማያዊው አንድ ጉርሻ እየጎደለ መውጣቱን ቀጠለ፤ እኔም ነገሩ አለፈ ብዬ ተስፋ ማድረግ ጀመርኩ። አንድ ቀን ግን፣ ሁለቱም ሳህኖች ውስጥ እኩል ድንች ወጥ በተላከበት ቀን፣ አጥሩ ጋ ስከፍታቸው ሁለቱም ግማሽ አካባቢ ሆነው አገኘኋቸው። ጎን ለጎን አስቀምጬ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከአረንጓዴው አንድ ጉርሻ ጎድሏል። አንዲት ጉርሻ፣ በጣት የተጠረገች ቦታ። እንደ ፋሲካው የሚጮህ አልነበረም፤ እንደዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚያወራው ወንድሜ ብቻ ነው።

ጋሽ ተሰማ ስነግረው ኮቱን ለበሰ። ወደዚያው ባለሥልጣን ሄደም፤ ከበሩ ዘበኛ አላለፈም። በማግሥቱ ስንቁን ተቀበሉኝ፣ ከሰዓት መለሱልኝ። አጥሩ ጋ ከፈትኩ። ሁለቱም እንደገቡ ናቸው፤ አልተነኩም። ሰማያዊውም አረንጓዴውም እኩል። ከዚያ ቀን በኋላ ታደለን ያየ ሰው አላገኘንም፤ የተቀበረበትንም አናውቅም።

የወሰዱት ያ የፋሲካ ልመና ስሙን ስላስጻፈ ነው? ወይስ ለማንኛውም ይወስዱት ነበር? ይኼን ስጠይቅ አርጅቻለሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከዚያ መጋዘን የተፈታ አንድ ሰው ሊያስተዛዝነን መጣ። ደግ ሰው ነው፤ ታደለ እንዴት እንደሚያስቃቸው፣ እንዴት እንደሚያካፍላቸው አወራልን። ከዚያ ምንም ሳያውቅ እንዲህ አለ፤ «በፋሲካ ዕለት እማማ የላኩት ፈረሰኛ ምን የመሰለ ነበር! እሱ ግን አልነካውም። ከሌላኛው ሳህን ብቻ ቀማመሰ። ብላ እንጂ ብንለው፣ ይኼ ቤት መድረስ አለበት ብሎ እንዳለ መለሰው። ሲወጣ በሩ ላይ ያለው ጠባቂ ክዳኑን ከፍቶ አየውና እዚያው ቆሞ ጠረገው።»

ታደለ በፋሲካ ቀን ፈረሰኛውን እያየ የተወው፣ ደህና ነኝ ሊለኝ ነበር።

እማዬ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። «ከእሱ ጋር የሚበላ፣ እናት የሌለው ልጅ ነበረ አይደል?» አለች።

ሰውየው አሰበ። «የለም፣ እማማ። እኛ ሁላችንም ስንቅ ነበረን። ሁለቱም ሳህን የታደለ ነበር።»

ዞራ አላየችኝም። «ቡና ላፍላልህ» አለችውና ወደ ጓዳ ገባች፤ ሰውየው እስኪሄድ ድረስ አልወጣችም። እኔም ልከተላት አልደፈርኩም።

በሚቀጥለው ዓመት ፋሲካ እንደምንም ብላ ዶሮ ሠራች። ጋሽ ተሰማና ሚስቱ መጡ። ወጡ ሲቀርብ እማዬ ቢላዋ አመጣችና ፈረሰኛውን መሐል ለመሐል ከፈለችው። አንዱን ግማሽ ሰማያዊው ሳህን ላይ፣ አንዱን አረንጓዴው ላይ አደረገች፤ ቀና ብላ ልካቸውን አስተያየች፤ ካንዱ ቅንጣት ቆርሳ ወደ ሌላው ጨመረች። የጋሽ ተሰማ ሚስት «ውይ እትዬ፣ ፈረሰኛ ይከፈላል እንዴ?» ብላ ሳቀች።

«በእኔ ቤት ይከፈላል» አለች እማዬ። አንዱን ሳህን ለእኔ ሰጠችኝ። ሌላውን እፊቷ አስቀምጣ ሳትነካው ዋለች። እስክትሞት ድረስ በየፋሲካው እንዲሁ አደረገች፤ ስለዚያ ነገር ግን አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። እኔ እሷን እንዳላሳዝን፣ እሷም እኔን።

ሃያት በረንዳው ድረስ መጥታ ጠራችኝ። «ጋሽ ከበደ፣ ይምጡ ይዩት፣ ጥርት ብሏል!» ገብቼ አየሁ። ዜና የምታነበዋ ልጅ ፊት ላይ አረንጓዴው የለም። መሣሪያዎቿን ስትሰበስብ ጠየቅኋት።

«ሃያትዬ፣ ሁለቱ ሽቦዎች ፍጹም እኩል ቢሆኑስ?»

«እኩል ከሆኑማ የሚነበብ ነገር የለም» አለችኝ ቦርሳዋን እየዘጋች። «ማለቴ፣ ከወዲያ በኩል የሚልክ የለም ማለት ነው። ምነው ጠየቁኝ?»

«እንዲሁ ነው፣ ልጄ።»

በየዓመቱ ፋሲካ ልጄ ፈረሰኛውን ለእኔ ታቀርባለች፣ እኔም ቢላዋ አምጪ እላታለሁ። «አባባ ደግሞ፣ ፈረሰኛ ይከፈላል እንዴ?» ትላለች። የእርጅና ዓመል ይመስላታል፤ ስቄ አልፋታለሁ። አንዱን ግማሽ እሷ ሳህን ላይ አደርግና ሁለቱን ጎን ለጎን አስጠግቼ አያቸዋለሁ። እኩል ናቸው። ያኔ ከእኔው ሳህን አንድ ጉርሻ ቆርሼ አጎርሳታለሁ፤ ልዩነት እንዲኖር ብዬ።